በኋላ በር ያለፉ

መስከረም 14፣ ሰኞ

ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት፦ በኋላ በር ያለፈ 212። የገባ 23። ቦት ጫማ አራት ጥንድ፣ የባትሪ ድንጋይ ዘጠኝ፣ አንድ ጓጉንቸር፣ ገመድ ስድስት ሜትር።

ጭቃ ነበር። ጭቃ ለእኔ ጥሩ ነው።

አባታችን ይህን ሱቅ ሲያስረክበኝ የሰጠኝ ምክር አንድ ብቻ ነው፦ «የገባውን ማንም ይቆጥራል፤ አንቺ ያለፈውን ቁጠሪ።» ሃያ ሁለት ዓመት ቆጥሬያለሁ። የፊት በሬ የሚከፈትበት ጎዳና ድመት እንኳ የማያልፍበት ሆኗል። ሱቁን የሚያኖረው የኋላው በር ነው። ከላይኛው ሰፈር ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ የሚወርድ ሁሉ ጥብቁን ደን አቋርጦ በዚህ በር ሥር ያልፋል። ያን መንገድ ማንም አልሠራውም፤ እግር ነው የሠራው።

ሊዘጉት ነው። ኮሚቴ ተቋቁሟል። ጥብቁ ይሻሻላል፣ አገር በቀል ዛፍ ይተከላል፣ ጠጠር የለበሰ አዲስ የእግር መንገድ በቦዩ ዳር ዞሮ ይሄዳል። አሮጌው መንገድ ላይ ችግኝ ይቆማል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ታናሽ እህቴ ናት፤ የሥነ ሕይወት መምህርት። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ «ሰብሳቢዋ» ናት።

መስከረም 17፣ ሐሙስ

199። የገባ 20።

ሰብሳቢዋ ንድፉን ይዛ መጣች። ባንኮኒዬ ላይ ዘረጋችና ማዕዘኖቹን በእኔው የሚስማር እሽጎች አስያዘቻቸው።

«እትዬ፣ ይኸውልሽ። በየክረምቱ ውሃው በዚህ መንገድ ተንደርድሮ እየወረደ አፈሩን ጠርጎ ጨረሰው። የዛፎቹ ሥር ራቁቱን ቀርቷል። ሁለት ዓመት ብንተወው ቦረቦር ነው።»

«ሰው ይሄድበታል እኮ።»

«ሰው ስለሄደበት ነው እኮ!»

«አዲሱ መንገድ ከበሬ ስንት እርምጃ ይርቃል?»

«ሁለት መቶ ሠላሳ» አለች ወዲያው። ለክታዋለች ማለት ነው። እያወቀች ነው።

«ሁለት ባትሪ ለመግዛት ሁለት መቶ ሠላሳ እርምጃ የሚመጣ ሰው የለም። በበሬ ትይዩ ክፍተት ተዪልኝ። ሁለት ሜትር ይበቃኛል።»

«ለአንቺ ሁለት ሜትር ከተውኩ ልብስ ሰፊው ሁለት ሜትር ይለኛል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሁለት ሜትር ይለኛል። ከዚያ ምን እተክላለሁ? አየር?»

ንድፉን ስትጠቀልል አንድ እሽግ ሚስማር አብራ ጠቀለለችው። አየሁ። ትመልሰው እንደሆነ ልይ ብዬ ዝም አልኩ።

ማታ መልሳ ላከችው። አልጠበቅኩም ነበር።

መስከረም 20፣ እሑድ

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ። ከሰማንያ ሰው በላይ። ልብስ ሰፊው አብሮኝ ሄደ፤ ሱቁ ከእኔ ቀጥሎ ስለሆነ መንገዱ ሲዘጋ እሱም ይጎዳል። መንገድ ላይ «እኔ ከጎንሽ ነኝ» እያለ ነበር።

ተነሥቼ የቁጥሬን ነገር ተናገርኩ። በቀን ስንት ሰው እንደሚያልፍ፣ ስንቱ አሮጊትና ነፍሰ ጡር እንደሆነ። ምክትል ሰብሳቢው፣ ያ የላይኛው ሰፈር ጡረተኛ መኮንን፣ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀም።

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። እኛ ደግሞ ዶማና አካፋውን ከዚች ሴትዮ ልንገዛ ነው?»

ተሳቀ። መሣሪያው ከሌላ ሰፈር እንዲገዛ እጅ ወጣ፤ በአንድ ድምፅ።

«ጥላ ለማን ነው የምትተክሉት? የሚያልፍበት ሰው ከሌለ?» አልኩ።

ሰብሳቢዋ ከመድረኩ ሳትነሣ መለሰችልኝ። «እትዬ፣ አንቺማ ዛፍ ብትሆኚ ጥላሽን በክንድ እየለካሽ ትሸጪው ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልብስ ሰፊውም ሳቀ፤ እንባውን ሲጠርግ አየሁት። ስንወጣ «ቀልዱ አሪፍ ስለነበር እኮ ነው፣ አትቀየሚኝ» አለኝ።

አልተቀየምኩም። ሲያስቡት ስድብ አይደለም። ጥላ ዋጋ ካለው ለምን በነፃ ይሰጣል? ሰማንያ ሰው ፊት ግን ታላቅ እህት ላይ አይቀለድም። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። በሚስማር ነው ያስቆጠርኳት፣ በዚያው ባንኮኒ ላይ።

መስከረም 24፣ ሐሙስ

61። የገባ 5።

ገመድ ተወጠረ፤ አሁን የሚያልፈው ገመዱን የሚሻገር ብቻ ነው። ካስማ ተተከለ። ካስማው ርጥብ እንጨት ነው፣ በወር ይበሰብሳል። የእኔን ቢገዙ ዓመት ይቆይ ነበር። ሥራቸው ያውጣቸው።

አትክልተኛው ቁጥሬን እያበላሸብኝ ነው። የጥብቁ ጠባቂም አትክልተኛም እሱ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ደኑ ውስጥ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ኖሯል። ቧንቧው ከበሬ በታች ነው። ወደ ላይኛው ክፍል ውሃ የሚያደርስ ሰው በደጄ ከማለፍ ሌላ መተላለፊያ የለውም። ሁለት ጀሪካን በትከሻው እንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥሎ ሲመላለስ እንደ መንገደኛ ቆጠርኩትና ድምሩ ተሳሳተብኝ። ከእንግዲህ ለብቻው ይጻፋል። ዛሬ 19 ጉዞ።

መስከረም 27፣ እሑድ

የተከላ ቀን። ሱቅ ዝግ። ከኋላው መስኮት ሆኜ ዋልኩ።

አትክልተኛው፦ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት 44 ጉዞ ወደ ላይ። ምሳ እንኳ ቆሞ ነው የበላው።

640 ችግኝ መጣ፤ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ግራር፣ ዝግባ። ጡረተኛው ነገሩን ውድድር አደረገው። 320ው ለላይኛው ሰፈር በላይኛው ክፍል፣ 320ው ለታችኛው በታችኛው። ቀድሞ የጨረሰ ሰፈር ስሙ መግቢያው ላይ በሰሌዳ ይጻፍለታል። ዛፍ ተከላ ሳይሆን የገመድ ጉተታ መሰለ። «አንሡ! አቀብሉ! ቅበሩ!» ይላል ጉብታው ላይ ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ።

ሰብሳቢዋ ከታችኛው ጋር ነበረች። ጠዋት ለሁሉም ጮኻ ነግራለች፦ ችግኙ ያለበትን ላስቲክ በምላጭ ቅደዱ፣ አውጡ፣ ከዚያ ትከሉ። ታችኛዎቹ እንደዚያው አደረጉ። ተንበርክከው፣ ቀስ ብለው፣ እየተነጫነጩ። ላይኛዎቹ እንደ ጡብ እየተቀባበሉ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሱና ጨፈሩ። ታችኛዎቹ አሥር ሰዓት ላይ በጭቃ ተለውሰው ተነሡ፤ «ኤሊዎች!» ተባሉ። ሰብሳቢዋም ተሸናፊ ሆና ሳቀች። ላብዋን በክንድዋ ስትጠርግ ግንባሯ ሁሉ አፈር ሆነ።

ማታ አትክልተኛው የባዶ ላስቲክ ጆንያ ይዞ መጣ። ችግኝ ጣቢያው መልሶ እስኪወስደው ከበሬ ጀርባ ይቀመጥልኝ አለ። እሺ አልኩ። ሲሄድ ቆጠርኩት። ልማድ ነው።

331።

ሁለቴ ቆጠርኩ። 640 ችግኝ፣ 331 ላስቲክ። የቀረው 309 የት ገባ? በነፋስ አልሄደም፣ ነፋስ አልነበረም። የገባበትን አውቃለሁ፤ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ላይኛዎቹ ከነላስቲኩ ነው የቀበሩት።

አየሁ። ዝም አልኩ። የጠየቀኝ የለም።

መስከረም 28፣ ሰኞ

54። የገባ 4። አትክልተኛው 21።

በሰከነ ጭንቅላት ላስብ። ሥሩ በላስቲክ የታፈነ ችግኝ ወዲያው አይሞትም። መጀመሪያ ይቆማል፣ ቀጥሎ ይገረጣል፣ ከዚያ ቅጠሉን ያራግፋል። ዛሬ ሄጄ ብነግራት «አመሰግናለሁ እትዬ» ትለኛለች። አመሰግናለሁ ሁለት ሜትር አይከፍትም። ዕቃ የሚሸጠው ሲፈለግ ነው። ዝናብ ሲቀር ጃንጥላ ደጅ የሚያሰጣ ነጋዴ የለም።

ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት። ቢጫ ሲሆንባት ራስዋ ትመጣለች። ያኔ ላስቲኩ ቢቀደድ ችግኙ ይድናል፣ በሬም ይከፈታል። ማንም አይጎዳም።

ጆንያውን ከባንኮኒው ሥር አስገባሁት።

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

48። የገባ 4። አትክልተኛው 30።

ዝናቡ ከጊዜው ቀድሞ ቆመ። ሰማዩ እንደ ሰሃን ጠርቷል። አትክልተኛው ጉዞ ጨመረ። የትከሻው እንጨት ሥር የሚያደርገው ጨርቅ ስላለቀ ከእኔ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ገዛ።

«ላይኞቹ ውሃ አይጠግቡም፣ እትዬ። ሲጠጡት አላያቸውም፤ እንዲሁ ፈሶ ይሄዳል።»

«ጨምርላቸዋ» አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ሌላ ምን ልበል?

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

45። የገባ 3። አትክልተኛው 33።

ገረጣ። ከመስኮቱ ይታያል፤ ታችኛው አረንጓዴ፣ ላይኛው ቢጫ፣ በቢላ እንደተቆረጠ። ልብስ ሰፊው ደስ ብሎታል። «የሰው መንገድ የዘጋ ዛፍ እንዲህ ነው» ይላል፣ መቀሱን እያንቀጫቀጨ። ዘወር በል ብዬ ላባርረው ፈለግኩ፤ የእኔን ሐሳብ እየተናገረ ስለነበር ተውኩት።

ሰብሳቢዋ አልመጣችም። ማታ እኔው ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ የተማሪ ፈተና ተቆልሏል፣ አጠገቡ በየወረቀቱ የተጠቀለለ ቢጫ ቅጠል። በአጉሊ መነጽር ቅጠል ታያለች። ቅጠል ላይ ምን አለ!

«ችግኞቹን ምን እንደነካቸው የሚያውቅ ሰው ቢኖር ምን ትከፍዪዋለሽ?» አልኳት።

ቀና አለች። ዓይንዋ ቀልቷል። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ሁለት ሜትር።»

«እትዬ፣ ሰው ቤት ለቅሶ ሲገባ ሚዛን ይዘሽ ነው የምትመጪው? ምኞትሽ ሰምሮልሻል፣ እየሞቱልሽ ነው። አሁን ደግሞ ልትቀልጂብኝ መጣሽ? ውጪልኝ።»

ወጣሁ። ዋጋውን ቶሎ ጠራሁ። ትንሽ ማሰንበት ነበረብኝ።

«ላስቲኩን ፈትሺ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ግን ያን አፍዋን ከፍታብኝ ሳለ አይሆንም።

ጥቅምት 23፣ ዓርብ

44። የገባ 4። አትክልተኛው 35።

ጡረተኛው ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ገመዱ ዳር ቆሞ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉን ሰማሁ።

«ታችኛው ለቧንቧው ቅርብ ነው፣ አረንጓዴ። ላይኛው ሩቅ ነው፣ ቢጫ። ለዚህ ደግሞ ምርመራ ያስፈልገዋል? ሰውዬው አቀበቱን ፈርቶ ታች ታቹን ነው የሚያጠጣው።»

«አንዱን ነቅለን ሥሩን ብናየው…»

«የታመመ ችግኝ አይነካም!» አለ ጡረተኛው። ፈጥኖ አለው።

ያውቃል እንዴ? ጉብታው ላይ ሆኖ ሁሉን ያይ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሱም እንደኔ መስኮት ነበረው ማለት ነው።

እኔ ግን ከእሱ ጋር አንድ አይደለሁም። እኔ አልቀበርኩም።

ጥቅምት 26፣ ሰኞ

46። የገባ 2።

አትክልተኛው ጀሪካኖቹን ደጅ አስቀምጦ ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ፣ እርስዎ ሁሉን ይቆጥራሉ ይባላል። እኔንስ ቆጥረውኝ ያውቃሉ?»

«የምን ጥያቄ ነው?»

«አታጠጣም እያሉኝ ነው። ወደ ላይ ስወጣ በደጅዎ ነው የማልፈው። እንደማልፍ ብቻ ይንገሩልኝ። ስንት ጊዜ እንደሆነም ይቅር።»

ደብተሩ በእጄ ሥር ነበር። ይኸው ደብተር።

«እስቲ ላስብበት» አልኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። እሺ ያልኩት ይመስል። ወጥቶ ጀሪካኖቹን አነሣና አቀበቱን ያዘ። ጻፍኩት። 28ኛው ነበር። ማታ 34 ሆኖ ተዘጋ።

አስቤበታለሁ። የእሱን ውሃ ከመሰከርኩ «ታዲያ ለምን ይደርቃል?» ይሉኛል። ያኔ ዕቃዬ በነፃ ይወጣል። አሥር ቀን ብቻ ቢቆይ። እሱንም ዝም ብለው አያባርሩትም፤ አሥራ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

አባረሩት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጡረተኛው ተነሥቶ ማለ፦ «ወደ ላይ ውሃ ሲያወጣ አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።» አትክልተኛው «በቀን ከሠላሳ ጊዜ በላይ እወጣለሁ» አለ። «ማን ቆጠረልህ?» አለው። ሳቁበት።

ሰብሳቢዋ «የሚናገር አለ?» ብላ ጠየቀች። ሁለቴ ጠየቀች። አትክልተኛው አልዞረም፤ ከእኔ ሁለት ወንበር ፊት ነበር የተቀመጠው፣ ማጅራቱን አየው ነበር። ስፖንጁ እየላጠ የቀላ ነው።

አልተነሣሁም። ወገቤን አሞኛል።

የቆርቆሮ ቤቷን እስከ ሐሙስ ማታ እንዲለቅ።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

41። የገባ 3።

ሊነጋጋ ሲል ዶማ ይዤ ገመዱን ተሻገርኩ። ጫፍ ላይ ያለችውን አንዲት ዋንዛ ነቀልኩ። አፈሩ ዙሪያውን ርሷል። ላስቲኩን ስቀደው ውስጡ እንደ ጡብ ደርቆ፣ ሥሩ መውጫ ሲፈልግ ራሱን በራሱ ዞሮ ተጠምጥሟል። ጣቴን አስገብቼ ልፈታው ሞከርኩ። አይፈታም። ዞሬ ሌሎቹን አየሁ፤ ገና ቅጠል ያላራገፉ አሉ። ቆጠርኩ። 180 አካባቢ።

በጨርቅ ጠቅልዬ ሰብሳቢዋ ቤት ሄድኩ። ጡረተኛውም እዚያ ነበር፣ ሻይ ይጠጣል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ፈታችው። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ወንበር አጠገብዋ እያለ።

«ይሄ የአትክልተኛው ሥራ ነው!» አለ ጡረተኛው ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ። «እኛ ጨርሰን ስንሄድ የተረፈውን እሱ ነው የተከለው። ከነላስቲኩ ቀብሮ ተኛ። አላልኳችሁም? ይህ ሰው ሰነፍ ነው!»

«እሱ አልተከለም» አልኩ።

«በምን አወቅሽ? ደግሞ አንቺን ማን ያምናል? ከመጀመሪያው እንዲደርቅ ስትመኚ ነበር። ማን ያውቃል፣ አንቺው ቀብረሽው ይሆናል።»

ሰብሳቢዋ እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው።

«መቼ አወቅሽ?»

«ዛሬ።»

የጉልበቴን ጭቃ አየች፣ ከዚያ ፊቴን። «ዛሬ» አለች፣ እንደኔው አድርጋ።

ስለ ሁለቱ ሜትር አላነሣሁም። ረስቼው ነው ብል ይሄም ውሸት ይሆናል።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

39። የገባ 3። አትክልተኛው 26።

ተባርሮም ያጠጣል። ዕቃው በቆርቆሮ ቤቷ ደጅ ተቆልሏል፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሣጥን፣ ሁለት ድስት። እሱ ግን ጀሪካን ተሸክሞ በደጄ ይመላለሳል። ዛሬ ቀና ብሎ አላየኝም፣ ሰላምታም አልሰጠኝም። እንደ መንገደኛ አለፈ።

ጡረተኛው ወሬውን ነዝቶታል። ልብስ ሰፊው መጥቶ አወራኝ፦ ሰፈሩ ሁሉ «አትክልተኛው ነው ከነላስቲኩ የቀበረው» ይላል። «አንቺ ብትመሰክሪም ዋጋ የለውም፣ ጠላታቸው ነሽ። ከነገሩ ጦም እደሩ» አለኝ።

ልክ ነው። የጠላት አፍ አይታመንም። ቀን ያለበት ቁጥር ግን ይታመናል። መስከረም 27 ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት 44 ጉዞ ያደረገ ሰው ችግኝ ለመትከል እጅ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ያለውም በየቀኑ ተጽፏል፤ የላይኛው ክፍል ውሃ በሙሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ቆጥሬ ለሌላ ሰው የሚጠቅም ቁጥር ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ችግሩ ያው ገጽ ነው። 44ቱ ከላይ፣ «አየሁ። ዝም አልኩ» ከታች። ምላጭ አወጣሁ። ከታች ያለውን ብቻ ልቆርጠው አሰብኩ፤ ጀርባው ላይ የማግስቱ አለ፣ የጃንጥላው ነገር። ቅጠሉን በሙሉ ባወጣው 44ቱም አብሮ ይሄዳል። በሌላ ደብተር ልገልብጠው አልኩ። ሦስት ቀን ጻፍኩና ተውኩት። ቀለሙ አንድ፣ የእጅ ጽሑፉ አንድ፣ አንድም የጭቃ ጣት የለበትም። እንዲህ ያለ መዝገብ ሰው ቢያመጣልኝ እኔ ራሴ አልቀበለውም።

ታነበዋለች። ሁሉን ታነባለች፤ ስለ ጥላው፣ ስለ ሚስማሩ፣ ማታ ቤትዋ ሄጄ ዋጋ የጠየቅኩበትን። «ዛሬ» ያልኩበትንም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሜትር ቀርቶ ለሰላምታም አልበቃ ይሆናል። በሩም ተዘግቶ ይቀራል። አስልቼዋለሁ፤ ከማንኛውም በኩል ባሰላው ኪሣራ ነው።

አሁን አትክልተኛው 27ኛውን አለፈ። ጨልሟል። መብራት አልያዘም።

ነገ፣ ሐሙስ፦ ሱቁ ዝግ፣ በሁለቱም በር። ሁለት ሰዓት ላይ ይህን ደብተርና ጆንያውን ይዤ እህቴ ትምህርት ቤት፣ ክፍል ሳትገባ። ምላጭ አራት እሽግ፤ ለቀሩት 308 ይበቃል። ጉልበት ላይ የሚታሠር ጨርቅ ለሁለት ሰው። ለአትክልተኛው ስፖንጅ፣ ወፍራሙን።